ትሮምሶ፣ አቢስኮ ወይስ ሮቫኒየሚ? ለአርክቲክ የክረምት ጉዞ ቦታ መምረጫ

ኅዳር ሲገባ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። ከአዲስ አበባ፣ ከዋሽንግተንና ከፍራንክፈርት የሚደውሉልኝ ዘመዶችና ወዳጆች ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ያንን ሰማይ ላይ የሚወዛወዘውን አረንጓዴ ብርሃን ለማየት የት እንሂድ?» ስቶክሆልም ስለምኖር ሰሜኑ በሙሉ ጎረቤቴ ይመስላቸዋል። እውነቱን ለመናገር ከስቶክሆልም እስከ ሰሜን ስዊድኗ መንደር እስከ አቢስኮ በባቡር አንድ ሙሉ ሌሊትና የማግስቱን ጠዋት ይፈጃል። ሆኖም ባለፉት ዓመታት ደጋግሜ ሄጃለሁ፤ መጀመሪያ ብቻዬን፣ ቀጥሎ ከእህቴ ልጆች ጋር፣ በኋላም ከአዲስ አበባ ከመጣችው እናቴ ጋር። ለእያንዳንዳቸው የሚስማማው ቦታ የተለያየ ነበር።

አብዛኛው ሰው አስቀድሞ ቦታ ይመርጣል፤ ከዚያ የእረፍት ቀኑን ከቦታው ጋር ለማስማማት ይሞክራል። እኔ ግን ለደወለልኝ ሁሉ መጀመሪያ ወሩን ምረጡ እላለሁ። አንዱ ከተማ በዲሴምበርና በማርች ፈጽሞ የተለያየ አገር ነውና። እዚህ የምጠቅሳቸው ወራት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ክረምት ስልም ሐምሌና ነሐሴን ሳይሆን ከኖቬምበር እስከ ማርች ያለውን የበረዶ ጊዜ ማለቴ ነው።

መቼ?

የአርክቲክ ክበብ በሰሜን 66 ዲግሪ ከ33 ደቂቃ ገደማ ላይ የሚያልፍ መስመር ነው። ከዚያ በላይ በክረምት ፀሐይ ጭራሽ የማትወጣባቸው ቀናት አሉ። በኖርዌይዋ ትሮምሶ ይህ የዋልታ ሌሊት ከኖቬምበር 27 ገደማ ጀምሮ እስከ ጃንዋሪ 15 ይዘልቃል። ከተማዋ በተራሮች ስለተከበበች የፀሐይዋ ፊት የሚታየው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው፤ ጃንዋሪ 21 «የፀሐይ ቀን» ተብሎ ይከበራል፤ ሕዝቡም ለዕለቱ የሚጋገር ጣፋጭ ዳቦ ይበላል።

የዋልታ ሌሊት ሲባል ሃያ አራት ሰዓት ድቅድቅ ጨለማ ይመስላል። እንደዚያ አይደለም። ቀትር አካባቢ ለጥቂት ሰዓታት ሰማዩ ሰማያዊና ሐምራዊ ይሆናል፤ በረዶውም ያንን ቀለም ይቀበለዋል። እንዲህ ያለ ብርሃን ሌላ ቦታ አይቼ አላውቅም። ግን እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከፀሐይ መሆኑን አትርሱ። እናቴ ትሮምሶ በገባን በማግስቱ «አሁን ስንት ሰዓት ነው? ጠዋት ነው ማታ?» እያለች ስትጠይቅ ዋለች፤ ጸሎቷን በየትኛው ሰዓት እንደምታደርስ ግራ ገብቷት ተጨነቀች። ሁለት ቀን ከወሰደባት በኋላ ለመደችው። በዕድሜ የገፉ ወላጆች ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ አስረዷቸው፤ እንቅልፍም ያዛባል።

ከፌብሩዋሪ አጋማሽ በኋላ ሁሉም ነገር ይለወጣል። ቀኑ በየሳምንቱ በግልጽ ይረዝማል፤ በረዶው ወፍራም ነው፤ ሌሊቱም ለሰሜኑ ብርሃን የሚበቃ ጨለማ አለው። በማርች ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን ብርሃኑ ብዙ ጊዜ እንደሚበረታ የዘርፉ ተመራማሪዎች ይናገራሉ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ለሚሄድ ሰው የእኔ ምርጫ ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ማርች መጨረሻ ያለው ጊዜ ነው። ቀን በፀሐይ ተራራና ሐይቅ ታያላችሁ፤ ማታ ሰማይ ትጠብቃላችሁ።

በዲሴምበር መሄድ የግድ ከሆነ የፈረንጆቹን ገናና አዲስ ዓመት ሽሹ። በሁለቱ ሳምንታት የሆቴልና የአውሮፕላን ዋጋ እጅግ ይወደዳል፤ በተለይ በፊንላንዷ ሮቫኒየሚ። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 መሆኑ እዚህ ላይ ጠቀሜታ አለው። ጾሙን ቤት ፈትቶ ከበዓሉ ማግስት የሚነሳ ሰው የእነሱ ወረፋ ካበቃ በኋላ ይደርሳል። በጾመ ነቢያት መሄድም ይቻላል፤ ነገር ግን የሰሜኑ ምግብ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ቅቤና አይብ ነው። በከተሞቹ የጾም ምግብ ይገኛል፤ በአቢስኮና በፊንላንዷ መንደር በኢናሪ ግን ምስርና ሽሮ ይዛችሁ ወጥ ቤት ያለው ማረፊያ መያዝ ይሻላል።

ስለ ሰማዩ

የሰሜኑ ብርሃን ከፀሐይ የሚመጡ ቅንጣቶች የምድርን ከባቢ አየር ሲመቱ የሚፈጠር ነው። አረንጓዴው ቀለም ከ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ጀምሮ ከሚገኝ ኦክስጅን ይመጣል፤ ቀዩ ከዚያ በጣም ከፍ ብሎ ነው። ይህን የማነሳው ለአንድ ምክንያት ነው፤ ብርሃኑ ከደመና እጅግ በላይ ነው። ደመና ካለ የቱንም ያህል ቢበረታ ከታች ያለ ሰው አንዳች አያይም። የብርሃኑን ብርታት ለመገመት ሰዎች በኢንተርኔት ላይ የሚከታተሉት «ኬፒ» የተባለ መለኪያ አለ፤ እነዚህ ቦታዎች በሙሉ ብርሃኑ በብዛት ከሚታይበት ቀበቶ ሥር ወይም አጠገቡ ስለሆኑ ኬፒ 1 ወይም 2 እንኳ ይበቃል። ዋናው ጉዳይ የደመናው ትንበያ ነው። እያንዳንዱን ቦታ ሳመዛዝን ሚዛኔ ላይ ከሁሉ በፊት የማስቀምጠው የሰማዩን ጥራት ነው።

ሌላም ነገር ልንገራችሁ። በፎቶግራፍ የምታዩት ደማቅ አረንጓዴ ካሜራ ለበርካታ ሰከንዶች የሰበሰበው ብርሃን ነው። በዓይን ሲታይ ደከም ያለው ብርሃን እንደ ነጭ ጭስ ነው። ሲበረታ ግን አረንጓዴው በግልጽ ይታያል፤ ሲንቀሳቀስም ካሜራ ሊይዘው የማይችለው ነገር አለው።

ትሮምሶ፦ ባሕር፣ ከተማና ደመና

ትሮምሶ ከአርክቲክ ክበብ በስተሰሜን 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ከ75 ሺህ በላይ ሰው የሚኖርባት የኖርዌይ ከተማ ናት። በዚህ ኬክሮስ ላይ እንዲህ ያለ ትልቅ ከተማ መኖሩ የሚያስደንቅ ሲሆን ምክንያቱ ከአትላንቲክ የሚመጣው ሞቃት የባሕር ሞገድ ነው። ወደቧ አይቀዘቅዝም። የጃንዋሪ አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስቶክሆልም ውስጥ ከዚህ የባሰ ብርድ አይቻለሁ። እናቴን ወደ ትሮምሶ የወሰድኳት በዚህ ምክንያት ነው። ሐኪም ቤት አለ፤ ጥሩ ሆቴልና ታክሲ አለ፤ ብርዱም አጥንት የሚሰብር አይደለም።

የሚታይ ነገር አይጠፋም። ከድልድዩ ማዶ በ1965 የተሠራው የአርክቲክ ካቴድራል ነጭ ሦስት ማዕዘን ጣሪያዎቹን ደርድሮ ቆሟል። እዚያው አቅራቢያ በገመድ የሚሳብ መኪና 421 ሜትር ከፍታ ላይ ያወጣችኋል፤ ከላይ ከተማዋ በደሴቷ ላይ እንደ ተበተነ ፍም ትታያለች። የዋልታ ሙዚየሙ የአደንና የአሰሳ ታሪክ ይነግራል። ኖርዌያዊው የዋልታ አሳሽ ሮአልድ አሙንሰን የጠፉትን የጣሊያን ተጓዦች ለመፈለግ በጁን 1928 በአውሮፕላን የተነሳው ከዚህ ነበር፤ አልተመለሰም።

ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ደግሞ ኦርካና ትላልቅ ዓሣ ነባሪዎች ሄሪንግ የተባለውን ዓሣ ተከትለው ፍዮርድ ወደሚባሉት፣ በተራሮች መካከል ወደሚዘልቁት ጠባብ የባሕር ክንዶች ይገባሉ። ከዓመታት በፊት ለትሮምሶ በጣም ቀርበው ነበር፤ አሁን ግን በብዛት የሚታዩት ስከርቮይ በተባለው ስፍራ ስለሆነ ጀልባው ሰዓታት ይጓዛል። ባሕር የሚያስመልሰው ሰው ይህን አስቦ ይወስን። ፌብሩዋሪ 6 የዚህ ሰሜን ነባር ሕዝብ የሆነው የሳሚ ሕዝብ ብሔራዊ ቀን ነው፤ በዚያው ሰሞን በከተማዋ ዋና መንገድ ላይ ሬንዲር የተባለው የሰሜን አጋዘን ሰው በበረዶ ላይ እየጎተተ ይሽቀዳደማል።

ችግሩ ሰማዩ ነው። ያው ከተማዋን የሚያሞቀው ባሕር ደመናም ይልክባታል። የመጀመሪያ ጉዞዬ በኖቬምበር መጨረሻ ነበር፤ አራት ሌሊት ያዝኩ። ሦስቱን ሌሊት ዝናብ የቀላቀለ በረዶ ወረደ። በአራተኛው ሌሊት ከአንድ አስጎብኚ ጋር በአውቶቡስ ወደ ፊንላንድ ድንበር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነዳን። ኪልፒስያርቪ አካባቢ ስንደርስ ደመናው ተገልጦ ከዋክብት ታዩ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላም ለሃያ ደቂቃ ያህል ብርሃኑ መጣ። አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ነገር ግን ለዚያች ሃያ ደቂቃ ያወጣሁት ገንዘብ የአንድ ወር የቤት ኪራዬ ግማሽ ነበር። ትሮምሶን ብቻ የምትመርጡ ከሆነ ደመናን ሸሽቶ የሚነዳ ጉዞ ቢያንስ ለአንድ ሌሊት በበጀታችሁ ውስጥ አስገቡ፤ የቆይታችሁን ጊዜም ከአራት ሌሊት አታሳንሱ። ምግብ ቤቱ ውድ መሆኑንም እወቁ።

አቢስኮ፦ ለሰማዩ ብቻ ለሚመጣ

በማግስቱ ዓመት ማርች ላይ አቢስኮ ወረድኩ። ወደ መቶ የሚጠጋ ሰው የሚኖርባት የስዊድን መንደር ናት፤ አንድ ሱቅ፣ ጥቂት ማረፊያዎችና ከፊት ለፊቷ 70 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የቶርኔ ሐይቅ። ሐይቁ በክረምት በግግር በረዶ ይሸፈናል፤ በላዩ ላይ ይሄዱበታል።

አቢስኮን የተለየ የሚያደርጋት ተራራው ነው። ከአትላንቲክ የሚመጣው እርጥብ አየር በኖርዌይ በኩል ያሉትን ተራሮች ሲወጣ ዝናቡንና በረዶውን እዚያው ያራግፋል፤ ወደ አቢስኮ የሚደርሰው የደረቀ ነው። በዓመት የምታገኘው ዝናብና በረዶ ተደምሮ 300 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ከዚህ ከሦስት እጥፍ በላይ ታገኛለች። ስዊድን ውስጥ ከሁሉ ደረቅ ከሆኑት ቦታዎች አንዷ የሆነችው በዚህ ነው። አካባቢው ሁሉ ደመና ለብሶ ከሐይቁ በላይ ያለው ሰማይ ብቻ ክፍት ሆኖ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሰዎቹ «ሰማያዊው ቀዳዳ» ይሉታል። ሦስት ሌሊት አድሬ ሁለቱን አየሁ። አስጎብኚ አልቀጠርኩም፤ ከማረፊያዬ ወጥቼ መቶ ሜትር ብቻ በእግሬ ሄጄ ግግሩ ላይ ቆምኩ። ከላፖርተን ተራራ፣ ማለትም በሁለት ጫፎች መካከል እንደ ጎድጓዳ ሳህን ከተቦረቦረው ሸለቆ በላይ ብርሃኑ ተነስቶ ሐይቁን ተሻገረ። ድምፅ አልነበረም። ያን ሌሊት ሳስታውስ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ዝምታው ነው።

ኑኦልያ የተባለው ተራራ ላይ 900 ሜትር ከፍታ የብርሃኑ መመልከቻ ጣቢያ አለ፤ በገመድ ወንበር ይወጣል። ጥሩ ነው፤ ግን ነፋስ ሲበረታ ወንበሩ ይቆማል፤ ቲኬቱም ርካሽ አይደለም። ገንዘብ የሚቆጥብ ሰው ከሐይቁ ላይ ቢያይ ምንም አይቀርበትም። ቀን ቀን በ1909 በተቋቋመው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በበረዶ ጫማ መራመድ ይቻላል፤ ኩንግስሌደን የተባለው ታዋቂ የእግር መንገድ የሚጀምረውም እዚሁ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የምወደው የሌሊቱ ባቡር ነው። ማታ ከስቶክሆልም ተነስታችሁ ተኝታችሁ ትነቃላችሁ፤ መስኮቱ ጥድና በረዶ ብቻ ሆኗል። አቢስኮ ውስጥ ሁለት የባቡር ጣቢያዎች አሉ፤ አቢስኮ ኤስትራ ለመንደሩ፣ አቢስኮ ቱሪስትስታሽን ደግሞ ለፓርኩና ለትልቁ ማረፊያ። ማረፊያችሁ ለየትኛው እንደሚቀርብ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በሌሊትና በብርድ ሻንጣ እየጎተቱ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ ከባድ ነው። መስመሩ የብረት ማዕድን ከኪሩና ወደ ናርቪክ ወደብ የሚጓጓዝበት ነው። በዲሴምበር 2023 የማዕድን ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ መስመሩ ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ የመመለሻ አውሮፕላናችሁን ከባቡሩ መድረሻ ሰዓት ጋር አታጣብቁ፤ አንድ ቀን ትርፍ ያዙ።

የአቢስኮ ጉድለት ግልጽ ነው። ደመናማ ሌሊት ከመጣ የሚሠራ ነገር የለም። ምግብ ቤት እየቀያየሩ መብላት፣ ሱቅ ለሱቅ መዞር፣ ሙዚየም መግባት አይታሰብም። ብርዱም የትሮምሶ ዓይነት አይደለም፤ ከዜሮ በታች 20 እና 25 ዲግሪ የተለመደ ነው። ለትንንሽ ልጆችና ለአረጋውያን አልመክረውም።

አቢስኮ የሚሄድ ሰው በመንገዱ ላይ ኪሩና አንድ ቀን ቢያድር አይቆጭም። ከከተማዋ ሥር ያለው የብረት ማዕድን ቁፋሮ መሬቱን ስለሚሰነጥቀው የከተማዋ መሐል ወደ ሌላ ቦታ እየተዛወረ ነው። በ1912 የተሠራው ትልቁ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን በኦገስት 2025 ሳይፈርስ እንዳለ ተነስቶ፣ 672 ቶን የሚመዝነው ሕንፃ በተሽከርካሪ ላይ ተጭኖ በሁለት ቀን 5 ኪሎ ሜትር ተጓዘ። ታቦት ከመንበሩ ሲወጣ አጅቦ የሚሄድ ሕዝብ ለሆንን ለእኛ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ መንገድ ሲሄድ ማሰብ ልብ ይነካል። ኪሩና አጠገብ ዩካስያርቪ የሚገኘው የበረዶ ሆቴል ከ1989 ጀምሮ ከቶርኔ ወንዝ በሚወጣ ግግር በየዓመቱ እንደገና ይሠራል። ቀን ገብታችሁ ቅርጻ ቅርጾቹን እዩ። እዚያ ማደር ግን ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ውስጥ በወፍራም የመኝታ ከረጢት ተጠቅልሎ መተኛት ነው፤ ለዋጋው አይገባውም ብዬ አምናለሁ።

ሮቫኒየሚ፦ ልጆች ካሉ

የፊንላንዷ ሮቫኒየሚ ለሕፃናት የተሰጠች ናት። የአርክቲክ ክበብ መስመር ከከተማዋ መሐል 8 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ በገና አባት መንደር ውስጥ ያልፋል፤ ልጆች መስመሩን በእግራቸው ይሻገራሉ፤ ከፖስታ ቤቱም ደብዳቤ ይልካሉ። የእህቴ ልጆች የስድስትና የዘጠኝ ዓመት ነበሩ። ሬንዲር የሚጎትተው ጋሪ፣ ሃስኪ ውሾች፣ በበረዶ ላይ መንሸራተት፤ ሦስት ቀን ሙሉ አንድም ጊዜ ሰለቸን አላሉም። ሁሉም ነገር ቅርብና የተደራጀ ነው፤ ከሄልሲንኪም የሌሊት ባቡር አለ።

ልጅ የሌለው ሰው ግን እዚህ ብዙ ባይቆይ ይሻላል። የከተማው መብራት ሰማዩን ያደበዝዛል፤ ደመናውም እንደ አቢስኮ አይገለጥም። በማስታወቂያ የሚታየው የመስታወት ጎጆ አልጋ ላይ ተኝቶ ብርሃን ለማየት ቢያጓጓም፣ ደመና ከመጣ የከፈላችሁት ለደመና ነው። ጊዜ ካላችሁ አርክቲኩም ሙዚየምን ጎብኙ። ከተማዋ በኦክቶበር 1944 በሚያፈገፍገው የጀርመን ጦር ተቃጥላ አመድ ሆና ነበር፤ እንደገና ስትሠራ ፊንላንዳዊው አርክቴክት አልቫር አልቶ መንገዶቿን በሬንዲር ቀንድ ቅርጽ ነደፋቸው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በቱሪስት ስፍራዎች የሳሚ ሕዝብ ልብስ የሚመስል የለበሰ ሰው ስታዩ የሳሚን ባህል ያያችሁ እንዳይመስላችሁ። ሮቫኒየሚ በፊንላንድ ሕግ ከተወሰነው የሳሚ መኖሪያ ክልል ውጭ ናት፤ የውሻ ጋሪም የሳሚ ወግ አይደለም። የፊንላንድ የሳሚ ምክር ቤት በ2018 ስለ ቱሪዝም ሥነ ምግባር መመሪያ ያወጣው በዚህ ዓይነት ማስመሰል ስለተማረረ ነው። ሌላው ዓለም ባህላችንን አዛብቶ ሲያሳይ የምንቆረቆር ሰዎች ነንና ይህን ለመረዳት አያዳግተንም።

ኢናሪ፦ ሰውን ማወቅ ለሚፈልግ

የሳሚን ሕዝብ ከራሱ አንደበት መስማት የሚፈልግ ሰው ከሮቫኒየሚ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ይሂድ፤ አውቶቡስ አለ፤ በአቅራቢያው ያለችው ኢቫሎም አውሮፕላን ማረፊያ አላት። ኢናሪ ትንሽ መንደር ብትሆንም የሳሚ ምክር ቤት መቀመጫና ሲዳ የተባለው ሙዚየም እዚያ ናቸው። ከ3 ሺህ በላይ ደሴቶች ያሉት ሐይቅ አጠገቧ ነው፤ ሰማዩ ጨለማ ነው፤ ቱሪስቱም ጥቂት ነው። እዚህ ብቻ ሦስት የሳሚ ቋንቋዎች ይነገራሉ። ከእነዚህ አንዱን የሚናገሩት ስኮልት ሳሚዎች ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከቀድሞ መሬታቸው ተነስተው ሴቨቲያርቪ አካባቢ ሰፈሩ። ሥርዓታቸው የምሥራቁ ስለሆነ ከእኛው ይለያል፤ ቢሆንም በዚያ በረዶ መካከል ሻማ በርቶ፣ ሥዕለ አድኅኖ ተሰቅሎ ማየት ለእኔ ያልጠበቅሁት ደስታ ነበር።

ቡና እዚህ ክብር አለው። ፊንላንዳውያን በነፍስ ወከፍ በዓለም ላይ ከሁሉ በላይ ቡና ከሚጠጡት ሕዝቦች ናቸው፤ በሳሚዎች ዘንድ ደግሞ አይብ ቆርጦ ቡናው ውስጥ መጨመር የቆየ ወግ ነው። የቡናው አገር ሰው መሆኔን ስነግራቸው ጨዋታው ይደራል። ሬንዲር አርቢ ካገኛችሁ ግን ስንት ሬንዲር እንዳለው አትጠይቁ፤ የባንክ ሒሳብህ ስንት ነው እንደማለት ይቆጠራል። «ላፕ» የሚለውንም ቃል አትጠቀሙ፤ ስድብ ነው።

ስቫልባርድ

የኖርዌይ ደሴቶች የሆኑት የስቫልባርድ ዋና ከተማ ሎንግየርብየን በሰሜን 78 ዲግሪ ላይ ናት። ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ፀሐይ የለም፤ ፀሐይዋ ወደ ከተማዋ የምትመለሰው ማርች 8 ገደማ ሲሆን ሕዝቡ ተሰብስቦ ይቀበላታል። በዲሴምበር ቀትር ላይ እንኳ ሰማያዊ ብርሃን የለም። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ስቫልባርድ ብዙውን ጊዜ ከሌሊቱ የብርሃን ቀበቶ አልፋ ወደ ሰሜን ስለምትገኝ ብርሃኑ እንደ ትሮምሶ ወይም እንደ አቢስኮ አይበረታም። በምትኩ በቀኑ ሰዓት የሚታይ ብርሃን አላት። ከመንደሩ ክልል ውጭ በዋልታ ድብ ምክንያት መሣሪያ ከያዘ መሪ ጋር ካልሆነ አይወጣም።

ስለዚህ ለብርሃኑ ብላችሁ ስቫልባርድ አትሂዱ። ለበረሃው፣ ለግግሩና ለጸጥታው ከሆነ በማርች ወይም በኤፕሪል ሂዱ። በ2008 የተከፈተው ዓለም አቀፉ የዘር ማከማቻ በተራራው ውስጥ ነው። ጎብኚ አይገባም፤ በሩን ብቻ ታያላችሁ። በአዲስ አበባ ከሚገኘው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ምርምር ኢንስቲትዩት የተላኩ የመኖ ዘሮችም እዚያ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ከበሩ ፊት ለሚቆም ኢትዮጵያዊ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ግን በጣም ተጠንቀቁ። ስቫልባርድ የኖርዌይ ብትሆንም ከሸንገን፣ ማለትም በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ክልል ውጭ ናት። በኦስሎ ወይም በትሮምሶ በኩል ስለምትሄዱ፣ አንዴ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ከያዛችሁ መመለስ አትችሉም፤ ሁለቴ ወይም ከዚያ በላይ የሚያስገባ መሆን አለበት። የተቀሩት ቦታዎች በሙሉ በአንድ የሸንገን ቪዛ ይታያሉ፤ ማመልከቻው ብዙ ቀን ለምታሳልፉበት አገር ኤምባሲ ይቀርባል።

ሌሎቹን በአጭሩ

የኖርዌይ ደሴቶች የሆነው ሎፎተን ለፎቶግራፍ አንሺ ገነት ነው፤ ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ኮድ ዓሣ በእንጨት መስቀያ ላይ ሲደርቅ ይታያል፤ ሰማዩ ግን ከትሮምሶ የተሻለ አይደለም። የኖርዌይዋ አልታ ጥርት ያለ ሰማይ አላት፤ በዩኔስኮ የተመዘገቡት የድንጋይ ላይ ሥዕሎቿ ግን በክረምት በበረዶ ተቀብረዋልና ለእነሱ ብላችሁ አትሂዱ። ገበያ የምትወዱ ከ1605 ጀምሮ የሚካሄደውን የስዊድኗን የዮክሞክ የክረምት ገበያ በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ጎብኙ፤ ማረፊያ ግን ከብዙ ወራት በፊት ያልቃል። አይስላንድ ግሩም አገር ናት፤ ነገር ግን ከግሪምሴ ደሴት በቀር ከአርክቲክ ክበብ በታች ናት።

አንድ ሳምንት ላለው ጤነኛ ሰው ሁለቱን አገር የማጣምርበት መንገድ ይህ ነው፦ በአውሮፕላን ትሮምሶ ገብቶ ሦስት ሌሊት፤ ከዚያ አራት ሰዓት ገደማ በአውቶቡስ እስከ ናርቪክ፤ ከናርቪክ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ፍዮርዱን ቁልቁል እያዩ እስከ አቢስኮ፤ እዚያ ሦስት ሌሊት። አንዱ ቢደምን ሌላው ይገለጣል።

ልብስ

ከሥጋ የሚነካው ልብስ ሱፍ ይሁን። ጥጥ ላብ ይይዛል፤ የያዘውም ላብ ይቀዘቅዛል። ጫማ በአንድ ቁጥር ከፍ ያለ ግዙ፤ ብርድ የሚከለክለው በእግርና በጫማ መካከል ያለው አየር ነው። አራቱ ጣት አንድ ላይ የሚገባበት ጓንት ጣት ጣቱ ከተለየው ይሻላል። የስልክ ባትሪ በብርድ በድንገት ያልቃልና ከውስጥ ኪስ አኑሩት። ሙሉ ልብስና ጫማ በኪራይ ስለሚገኝ ከአዲስ አበባ የምትመጡ ውድ ጃኬት ለመግዛት አትቸኩሉ።

ጋቢም ጥጥ ስለሆነ ለውጭ አይሆንም። ያም ሆኖ ያዙ። እናቴ ትሮምሶ ሳለን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ጋቢዋን ተከናንባ በሆቴሉ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ እኔ ተስፋ ቆርጬ ተኝቻለሁ። «ተነሥ ልጄ» ብላ ቀሰቀሰችኝ። ደመናው በወደቡ በኩል ተከፍቶ ነበር።